ሁለተኛ ያልተጠየቀችው

ሰው ሁሉ «ራሷ ናት እምቢ ያለችው» ይላል። ይበል፤ ወሬ እንደሆነ ቀረጥ የለበትም። እኔ ግን ያን ቀን እዚያው ፊት ለፊቷ፣ የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ ይዤ ቆሜ ነበር። ምን እንደተጠየቀችና ምን እንደመለሰች በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ያልነበረ ሰው ከሚያወራላት የነበርኩት እኔ ባወራ ይሻላል።

የምንሠራው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። ትልቅ ሆቴል ስላችሁ መብራቱና ምንጣፉ እንዳይታያችሁ፤ የእኛ ሆቴል ምድር ቤት ነው። የወጥ ቤቱን የኋላ በር አልፋችሁ፣ ደረጃውን ወርዳችሁ፣ ረዘም ያለ ሰው ከቱቦው ጋር እንዳይጋጭ ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ኮሪደር መጨረሻ ላይ «ላውንደሪ» የሚል በር ታገኛላችሁ። እሱ ነው። ውጭ ብርድ ይሁን ሙቀት እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ ይወብቃል። ከላይ እንግዳው የተኛበት አንሶላ፣ ቡና የደፋበት የጠረጴዛ ልብስ፣ ጫማውን የወለወለበት ፎጣ ሁሉ ወደ እኛ ይወርዳል። አዎ፣ በነጭ ፎጣ ጫማ የሚወለውል ሞልቷል፤ እግዜር ይይላቸው።

እታለም እንላታለን። እንደዚያ ብሎ የሚጠራት ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ አንድ ቀን ስልክ ላይ ሲጠራት ሰምተን እኛም ያዝነው። ትልቁን አንሶላ የምናጥፈው እኔና እሷ ነን፤ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ስናጥፍ ሥራ ተከፋፍለናል፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ታጥፋለች። ባለቤቴ «ያቺ ሴትዮ እንዴት ቻለችሽ?» ይለኛል። እንዴት እንደቻለችኝ እኔም አላውቅም፤ ብቻ ችላኝ ኖራለች።

እታለም አንድ አመል አላት። ምንም ነገር ብትሰጧት በመጀመሪያው አትቀበልም። «ሻይ ልቅዳልሽ?» ስትሏት «ኧረ አሁን ጠጥቼ» ትላለች፤ አልጠጣችም። «ተቀመጪ እንጂ» ስትሏት «መቆም ይሻለኛል» ትላለች፤ እግሯ እያበጠ። ሁለተኛ «በሞቴ!» ስትሏት ነው «እንግዲህ ካልሽ» ብላ እጇን የምትዘረጋው። ይሄ ደግሞ የእሷ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ጨዋ ቤት ያደገ ሁሉ እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ ማዕድ ላይ የሚሰየመውን ሰው ምን ብለን እንደምናማው ሁላችንም እናውቃለን።

አንዳንዱ አፈ ሹል ሳታገባ የቀረችውንም በዚሁ ያሳብባል፤ ለጠየቃት ሰው እምቢ ብላ፣ ሁለተኛ ሳይመጣ ቀርቶ ነው ይላል። ውሸት ነው! ያላገባችው ወንድሟን ስታሳድግ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። ደብተሩን፣ ጫማውን፣ ሕመሙን ሁሉ ብቻዋን ችላ ለወግ አበቃችው። አሁን ሌላ ከተማ አናጺ ሆኖ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልላታል። ከዚያ ውጭ ስልኳ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

የምትኖረው ከሰው ግቢ ጓሮ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። መስኮቷ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። አንዴ ብጠይቃት እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሌላ እንግዳ ቢመጣ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ሌላ እንግዳ ግን አይመጣም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። የድሮዋ ኃላፊያችን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ጡረታ ስትወጣ፣ ቦታው እስኪሞላ ብለው እታለምን «ተጠባባቂ ኃላፊ» አደረጓት። ቃሉን ማን እንዳወጣው እንጃ እንጂ ልክ ነው፤ ስትጠባበቅ ነው የከረመችው። ፈረቃውን የምታወጣው እሷ፣ ሳሙናው ሲያልቅ የምትጮኸው እሷ፣ የእንግዳ ሸሚዝ ሲጠፋ የምትወቀሰው እሷ። በመስታወት የተከለለችው የኃላፊዋ ክፍል ግን ባዶዋን ተቀመጠች። «ግቢና ተቀመጪ እንጂ» ስላት «ሳይሰጡኝ?» ትለኛለች። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ እሷ አሁንም ተጠባባቂ።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወረደ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ይቅርታ ይደረግልኝ፣ አልለውም። ከዚያ በፊት እኛ ጋ ወርዶ አያውቅም። ኮቱ እንፋሎት እንዳይነካው በሁለት እጁ ሰብስቦ፣ በአንሶላ ጋሪዎቹ መሃል እየተሽሎከለከለ እኛ ጋ ደረሰና ቆመ።

«አንቺ ነሽ ተጠባባቂዋ?»

«አቤት፣ ነኝ» አለች።

«ኃላፊነቱን በቋሚነት ብንሰጥሽስ? ትችይዋለሽ?»

ማድረቂያው እየጮኸ ቢሆንም ጥርት አድርገን ሰማነው። እታለም አንገቷን ሰበር አደረገች፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር፤ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ!» አለች። «ከእኔ የሚሻል ሰው አይጠፋም።»

«እሺ፣ ገባኝ። አመሰግናለሁ» አለና ዞሮ ሄደ።

ጌታዬ፣ ምኑ ነው የገባህ? እኔ አንሶላውን እንደያዝኩ በሩን አያለሁ። አሁን ይመለሳል፣ አሁን «ተይ እንጂ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትሠሪው አልነበር?» ይላል ብዬ ስጠብቅ የደረጃው ኮቴ ራቀ። እታለም ግን ምንም አልመሰላት።

«ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቢሮ ያስጠሩኛል» አለችኝ። «ሰው ፊት ይሄን ማውራት አይሆንም ብለው ነው።»

«ሲያስጠሩሽስ ምን ትያለሽ?»

ሳቅ አለች። «እንግዲህ ካላችሁኝ እሞክራለሁ፣ እላለኋ!»

ያን ቀን ማታ ልብስ ስንቀይር መስታወቱ ፊት ቆማ፣ ማንም ያላያት መስሏት፣ «እንግዲህ ካላችሁኝ» ትላለች። አንዴ ቀስ ብላ፣ አንዴ ፈጠን ብላ፣ አንዴ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ። በሳቅ ልፈነዳ ነበር፤ ግን አሳዘነችኝና ሳላያት እንዳለፍኩ ሆኜ ወጣሁ።

አላስጠሯትም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ሳምንቱ አለቀ። እሷ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ የሚገባው ግን የፎጣ ጋሪ ነው።

ከዚያ የካፍቴሪያው ቀን መጣ። እዚህ ላይ ጋሼ ቦይለርን ላስተዋውቃችሁ። የውሃ ማሞቂያው ቴክኒሺያን ናቸው። እድሜያቸው ከእታለም ብዙ አይርቅም፤ ሽበቱ ቀደማቸው እንጂ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለክፉም ለደጉም ድምፃቸው አንድ ነው። ስለ ልብስ ግን የሚያውቁት ለብሰውት መሄዳቸውን ብቻ ነው፤ ይሄን እኔ ሳልሆን ራሳቸው ናቸው የሚሉት። ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንም እየበላን ሥራ አስኪያጁ ከነሳህኑ መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። እኔና እታለም ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነን።

«ጋሼ፣ ላውንደሪውን ለእርስዎ ልንሰጥዎት ነው» አላቸው።

ጋሼ ቦይለር ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ? ኧረ እኔ ምን አውቄ! እኔ የማውቀው እሳትና ውሃ ነው። ከእኔ የሚሻል ሰው አይጠፋም።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ከእሷ ቃል ምን ጎደለ? እሳትና ውሃ ተጨመረበት እንጂ ምን ጎደለ?

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ይሄ ትህትናዎት እኮ ነው የሚገለኝ!» ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ።

«አይ የኔ ልጅ፣ ይቅርብኝ። ልብስና እኔ አንተዋወቅም።»

«ይለመዳል! ኃላፊነት ማለት ሰው መምራት ነው፣ ሰው መምራት ደግሞ እርስዎ ያውቁበታል።» ይሄኔ የግዥ ኃላፊውም፣ የጥበቃ አለቃውም ካሉበት እየዞሩ «ጋሼ እምቢ አይበሉ እንጂ!» «ኧረ ጋሼ!» ይሉ ጀመር። ሦስተኛ ልመና ላይ ጋሼ ቦይለር አፋቸውን በሶፍት ጠረግ አድርገው፣ «እንግዲህ ካላችሁኝ...» አሉ።

ካፍቴሪያው በጭብጨባ ተናጋ።

እታለምን ዞሬ አየኋት። እሷም ታጨበጭባለች። ያቺን ሰዓት ደሜ እንዴት እንደፈላ ልነግራችሁ አልችልም። መስታወት ፊት ስትለማመዳት የከረመችውን ቃል ከአፏ ወስደው ለሌላ ሰው ሰጡባት፤ እሷ ታጨበጭባለች! ከጠረጴዛው ተነስታም የመጀመሪያዋ «እንኳን ደስ አለዎት» ባይ እሷ ሆነች። ጋሼ እጇን ይዘው «አንቺ ታግዢኛለሽ መቼም» አሏት። «ምን ገዶኝ» አለች።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስንገባ ጮኽኩባት።

«ሂጂና ንገሪው!»

«ምን ብዬ?»

«እፈልገው ነበር በያ!»

«አልፈልግም ብዬ?»

«አልፈልግም መቼ አልሽ? ‹ምን አውቄ› ነው ያልሽው! ቋንቋ አይሰማም እንዴ ሰውየው?»

«ተዪኝ በናትሽ» አለችኝ፤ ቁልፏን እየፈለገች ነው፤ ቁልፏ ደግሞ እጇ ላይ ነው። «ልመና አይሆንብኝም?»

ከዚያ በኋላ እታለም ከእኛ ጋር መብላት ተወች። አኩርፋ አይደለም፤ ብታኮርፍ በስንት ጣዕሙ! የምሳ ዕቃዋን ይዛ የንጹህ አንሶላ መጋዘን ትገባለች። እዚያ ከታች እስከ ላይ በተደረደረ ነጭ ጨርቅ መሃል፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ ትበላለች። የዚያ ክፍል ጠባይ ድምፅ መዋጡ ነው፤ በሩን ዘግታችሁ ብትጮኹ ውጭ ያለ ሰው አይሰማም። «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» ስላት «ጸጥ ይላል» ትለኛለች። ቀድሞም ያልበዛው ንግግሯ ጭራሽ ነጠፈ። እኔም የማወራው እያለቀብኝ መጣ፤ የሚመልስ ሰው ባይኖርም የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል ለካ።

ጋሼን አልጠላቻቸውም፤ ሊጠሏቸውም አይመቹም። በየሰዓቱ ከመስታወቱ ክፍል ብቅ እያሉ «እታለም፣ ይሄ እንዴት ነበር?» ይሏታል። እሷም ትነግራቸዋለች። ሲወጡ ሲገቡ ያመሰግኗታል። ምስጋናው ግን ወንበር አይሆንም።

አንድ ከሰዓት፣ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት፣ መጋዘኑ ገብቼ ሳጥኗ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ድንገት፣ ሳልጠይቃት፣ «ወንድሜ ‹አለቃዬ› እያለ ነው የሚጠራኝ» አለችኝ።

«ማን ነገረው?»

«እኔ።»

ለካስ ሥራ አስኪያጁ የወረደ ዕለት ማታ ወንድሟ ደውሎላት ነበር፤ አንዱ ልጅ ታሞ ምን እንደሚያጠጡት ሊጠይቃት። እሷ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት፣ ያለቀ የደቀቀ ነገር መስሏት፣ «ሾሙኝ» አለችው። ወንድሟ ስልኩን ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለልጆቹ፣ ልጆቹ እየጮኹ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው «አለቃዬ እንዴት ነሽ? ሠራተኞቹ አስቸገሩሽ?» ይላታል። እሷም «ደህና ናቸው» ትላለች። የሌሏትን ሠራተኞች ጤንነት ታወራለታለች።

«ንገሪው እንጂ! ወንድምሽ አይደል?»

«ልጆቹ ትምህርት ቤት ሁሉ አውርተውታል» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አላፈሰሰችውም። «በሕይወቴ ሲኮራብኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሰምቼው ሳልጨርስ እንዴት ልመልስበት?»

እኔ አፈ ጮሌዋ ከድርድሩ አንድ ንጹህ የትራስ ልብስ ስቤ ሰጠኋት።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። ወንድሟ ግን መጋዝ ሊገዛ ወደ እኛ ከተማ እንደሚመጣ፣ እግረ መንገዱንም «ቢሮዋን» ሳያይ እንደማይመለስ ነገራት። ይሄን በሰማች ማግስት ፊቷ ገርጥቶ መጣች። እኔም በቃኝ። እጇን ይዤ የሠራተኛ ደረጃውን አስወጣኋት፤ እየጎተትኩ ማለት ይቀላል።

«ወይ ለሥራ አስኪያጁ ትነግሪያለሽ፣ ወይ ለወንድምሽ። ሁለቱንም መዋጥ አትችይም» አልኳት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ስንደርስ ቀሚሷን አስተካከለች፣ አንኳኳችና ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ። በሩን ደግሞ ማንም አልዘጋውም፤ እኔም እንዲዘጋ አላሳሰብኩም።

«ስለ ኃላፊነቱ ነው የመጣሁት» አለች። «ለእኔ ለምን አልተሰጠኝም?»

«እኔ እኮ ጠይቄሽ ነበር» አለ፤ ከልቡ ገርሞታል። «አልችልም ያልሽው ራስሽ ነሽ።»

«አልችልም አላልኩም። ‹ምን አውቄ› ነው ያልኩት።»

«ያው አይደለም እንዴ?»

«ጋሼም ያንኑ ነው ያሉት።»

«የእሳቸው እኮ ትህትና ነው!»

«የእኔስ?»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረው። እታለም አልተቀመጠችም፤ ተቀመጪ አልተባለችማ።

«ያንቺ...» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ እውነትሽን መስሎኝ ነው።»

አልዋሸም እኮ! አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው። ክፋት አስቦ፣ ጉቦ በልቶ፣ ዘመድ ሾሞ ቢሆን እረግመውና እገላገለው ነበር። ሰውየው ግን የእውነቱን ነው። ጋሼ ‹አላውቅም› ሲሉ የሚያውቅ ሰው ታየው፤ እሷ ‹አላውቅም› ስትል የማታውቅ ሴት ታየችው። ከዚያ በላይ አልሄደም። «አሁን እንግዲህ ተሰጥቷል፤ ወደፊት ሌላ ዕድል ሲመጣ እናስብበታለን» ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ።

ወርደን ላውንደሪው በር ላይ ስንደርስ እታለም፣ «ምነው ያኔ ዝም ብዬ ‹አዎ› ብል ኖሮ?» አለችኝ። «‹አዎ› ብትዪ ኖሮ ‹ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ናት› ይልሽ ነበር» አልኳት። ላጽናናት ብዬ ነው። አላጽናናትም።

እንግዲህ ወንድሟ ሊመጣ ነው፣ እሷ አልነገረችውም፣ ቦታው አልተገኘም። ምን ይደረግ? እኔ መላ መታሁ። ጋሼ ቦይለር ጋ ሄጄ ነገሩን ዘርዝሬ አጫወትኳቸው። ጋሼ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «ፈልጋው ነበር እንዴ?» አሉ። «ምን ሆና ነው ያልነገረችኝ?» እኔም «ማን ጠይቋት?» አልኳቸው። ወዲያው ተስማማን፤ ወንድሟ በመጣ ዕለት ለግማሽ ቀን አለቃዋ እሷ ናት። ለሌሎቹም ነገርኳቸው። ሁሉም እሺ አሉ፤ እንደውም ደስ አላቸው። ለእሷ ግን አልነገርናትም፤ ብንነግራት «ኧረ አይሆንም» ትላለችና። እስከ ዛሬ ድረስ ሐሳቡ ጥሩ ነበር ባይ ነኝ።

ወንድሟ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጥበቃው ይዞት ወርዶ በሩ ላይ አቆመው። ትከሻው ሰፊ፣ እጁ የሚስማር ጠባሳ የሞላበት፣ ሳቂታ ሰው ነው። ብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። እታለም ስታየው የያዘችው ፎጣ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ አቀፈችው፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

«የታለ ቢሮሽ?» አለ ዙሪያውን እየቃኘ። «እነዚህ ናቸው ሠራተኞችሽ?» ጥቅልሉን ፈታው። የወረቀት ማስቀመጫ ሳጥን ነው፣ ከጥሩ እንጨት፣ በእጁ የሠራው፤ ጠርዙን በጥንቃቄ አለስልሶታል። «ለጠረጴዛሽ ነው» አላት።

ጋሼ ቦይለር ከመስታወቱ ክፍል ወጡ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና፣ በእድሜያቸው ሁሉ ዋሽተው የማያውቁ ሰው እንዴት እንደሚዋሽ ታውቃላችሁ፣ ጮኽ ብለው፣ «ይግቡ፣ ይግቡ! የአለቃችን ቢሮ ይሄ ነው!» አሉ። እኔም «ኃላፊዬ፣ የፎጣው ጋሪ ተሞልቷል፣ ይሂድ?» አልኳት። ሌሎቹም ቀና ቀጥ ብለው ቆሙ።

እታለም አየችን። አንድ በአንድ። ጋሼን አየች፣ የተከፈተውን በር አየች፣ እኔን አየች። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር መቼም አልረሳውም፤ የሚወዳት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አዝኖላት ያየች ሰው ፊት ነው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የፈለገችውን አሁን በምጽዋት ልንሰጣት ቆመናል።

ወደ ወንድሟ ዞረች።

«አይደለሁም» አለችው። «ኃላፊው እሳቸው ናቸው። እነዚህ የሚሉህ ለእኔ ብለው ነው። እኔ አልተሾምኩም፤ ዋሽቼህ ነው።»

ወንድሟ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ቀጥሎ ጋሼን አየ፤ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተዋል። ቀጥሎ የእሷን ፊት አየ፤ ሳቁ ጠፋ። ሳጥኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዞረው። ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ፣ በዚያ በሚያሳሳ ለዛው እንዲህ አላት፤

«አይዞሽ እታለም። ይሄ እኮ ምንም አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመጀመሪያውም ‹ኧረ ይከብዳታል፣ የት ትችለዋለች› እያልኩ ስሰጋ ነበር። እንኳን ቀረብሽ።»

ይሄን ያላት እሷ ያሳደገችው ልጅ ነው።

እታለም እጁን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው። አልተቆጣችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ግን በዚያ ሁሉ ማሽን ጩኸት መሃል እኔም፣ ጋሼም፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃም ሰማናት።

«አልቀረብኝም» አለችው። «ፈልጌው ነበር። ከለከሉኝ።»